ተወዳጅ ሙዚቃ በየትውልዱ እየወረደ ነው ወይስ እየተለወጠ?

ጥያቄ፦ የሸክላ ወዳጅ

ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ የቆየ ጉዳይ ስለሆነ የሙያው ሰዎችም ሆናችሁ አድማጮች ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል። ዕድሜዬ ሃምሳን ተሻግሯል። ልጆቼ የሚሰሙትን ሙዚቃ በቅንነት ለመውደድ ብሞክርም ዜማው ጆሮዬ ሳይገባ ያልቃል፤ አንዱ ዘፈንም ከሌላው አይለይብኝም። በወጣትነቴ የምሰማውን ሙዚቃ አባቴ «ጩኸት» ይለው እንደነበር አልዘነጋሁም። ነገር ግን አባቴና እኔ አንድ ዓይነት ቅሬታ ስላሰማን ብቻ ሁለታችንም ተሳስተናል ማለት አይመስለኝም። በእርግጥ ተለክቶ ሊታይ የሚችል ነገር ወርዷል ወይስ የተለወጠው የእኔ ጆሮ ነው?

ምላሽ፦ አቀናባሪው

ጆሮዎን ከመውቀስዎ በፊት የተለካውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ከ1955 እስከ 2010 የወጡ ከ460 ሺህ በላይ ቅጂዎችን መርምሮ የድምፅ ቀለሙ (አንዱን መሣሪያ ወይም ድምፅ ከሌላው የሚለየው ባሕርይ) ስብጥር እየጠበበ፣ የቅጂው የድምፅ ጉልበት ደግሞ እየጨመረ መምጣቱን አሳይቷል። ስለዚህ «አይለይብኝም» ማለትዎ መሠረት የሌለው ቅሬታ አይደለም። ይሁን እንጂ በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ከ1960 እስከ 2010 በአሜሪካ የተወዳጅነት ሰንጠረዥ ውስጥ የገቡ 17 ሺህ ያህል ዘፈኖችን ፈትሾ ዘፈኖች ያለማቋረጥ እየተመሳሰሉ ሄደዋል የሚለውን አላረጋገጠም። ያገኘው በ1964፣ በ1983 እና በ1991 የታዩ ሦስት ፈጣን ለውጦችን ሲሆን፣ ትልቁ ራፕ ወደ ሰንጠረዡ ጎልቶ የገባበት የ1991ዱ ነው። ራፕ በዜማ ብቻ ከተመዘነ ቀሎ መገኘቱ አይቀርም፤ ኃይሉ ግን ቃሉ በምቱ ላይ በሚያርፍበት መንገድ ነው።

እኔ በሙያዬ በየቀኑ የሚገጥመኝ ሙዚቃው ለአድማጭ የሚደርስበት መንገድ የሚያሳድረው ጫና ነው። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የጥንቱ ሸክላ በአንድ ገጹ 3 ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዝ ስለነበር የዘፈን ርዝመት በዚያው ልክ ተቆረጠ፤ በ1948 ረጅሙ ሸክላ ሲመጣ በአንድ ገጽ ከ20 ደቂቃ በላይ ተገኘና አቀናባሪዎች ተንፈስ አሉ። ዛሬ ሙዚቃ በኢንተርኔት በሚደመጥበት በስፖቲፋይ አንድ ዘፈን እንደተደመጠ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲሞላው ስለሆነ አድማጩን ከዚያ በፊት መያዝ ግድ ሆኗል። በአሜሪካ ተወዳጅ ዘፈኖች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ በአማካይ ከ20 ሰከንድ በላይ የነበረው የመሣሪያ መግቢያ በ2015 ወደ 5 ሰከንድ ያህል አጥሯል። ዜማው ጆሮዎ ሳይገባ የሚያልቅብዎ አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ እኔም እንደ ጉዳት እቆጥረዋለሁ።

ምላሽ፦ ተማሪዋ

ጋሼ፣ አቀናባሪው ስለ መግቢያው ማጠር በተናገሩት እስማማለሁ፤ ንጽጽሩ ግን ፍትሐዊ አይመስለኝም። ከእርስዎ ወጣትነት ዘመን ዛሬ የሚሰሙት በጊዜ ወንፊት ተነፍቶ የተረፈውን ነው፤ ከእኛ ዘመን የሚሰሙት ግን ገና ያልተነፋውን በሙሉ ነው። በዚያ ላይ ሰው በጉርምስናውና በወጣትነቱ መጀመሪያ የሰማው ሙዚቃ ከሌላው ጊዜ ይልቅ በትዝታው ውስጥ ጸንቶ እንደሚቆይ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1925 በማይክሮፎን መቅረጽ ሲጀመር በለሆሳስ መዝፈን የቻሉት ድምፃውያን በጊዜያቸው ብዙ ወቀሳ ደርሶባቸዋል፤ ዛሬ ያን አዘፋፈን ማንም እንደ ውድቀት አይቆጥረውም። ስለዚህ አሥራ ሰባት ዓመት በሞላዎ ጊዜ ከነበረ ከአንድ ሳምንት ሰንጠረዥ ውስጥ ዘፈኖቹን ሳይመርጡ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲሰሟቸው እለምንዎታለሁ።

ምላሽ፦ የሸክላ ወዳጅ

ልጄ፣ እንዳልሽው አደረግሁ፤ የሰንጠረዡን 40 ዘፈኖች በሙሉ በሁለት ምሽት ሰማኋቸው። በደስታ የማስታውሳቸው ከሩብ አይበልጡም፤ የቀሩት እርስ በርሳቸው እጅግ የሚመሳሰሉ ስለነበሩ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ። በዚህ ነጥብ ተረትቻለሁ። ነገር ግን ከደካሞቹ ዘፈኖች መካከል እንኳ ድምፃዊው እስኪገባ ድረስ መሣሪያዎቹ አንድ በአንድ እየተጨመሩ የሚያስጠብቁኝ ነበሩ፤ ያን መጠበቅ በልጆቼ ዘፈኖች ውስጥ እስካሁን አላገኘሁትም። አቀናባሪው ወይም አንቺ ይህን መጠበቅ ያልተወ የቅርብ ጊዜ ሥራ ብትጠቁሙኝ እሰማዋለሁ።