የአባታችንን ፎርድ ሙስታንግ እንሽጠው ወይስ እናቆየው?

የልደታ ነዋሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ቆዩ መኪኖች እውቀት ያላችሁ ሰዎች ምክራችሁን እንድትለግሱን በአክብሮት እጠይቃለሁ። አባታችን ከሁለት ዓመት በፊት ሲያርፍ ከተወልን ንብረት ዋናው እ.ኤ.አ. በ1967 የተሠራ ባለ ሁለት በር ፎርድ ሙስታንግ ነው። መኪናውን የገዛው በ1965 ዓ.ም. አስመራ ውስጥ በባንክ ሲሠራ፣ ከቃኘው ጣቢያ ወደ አገሩ ይመለስ ከነበረ አንድ አሜሪካዊ ወታደር ሲሆን፣ ወደ አዲስ አበባ በተዛወረ ጊዜም በደሴ በኩል፣ የጣርማ በርን ዋሻ አቋርጦ፣ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ራሱ ነድቶ አምጥቶታል። ፒያሳ፣ ሠራተኛ ሰፈር በኖርንባቸው ዓመታት የጎረቤት ሙሽሮች የሚሄዱት በእርሱ ነበር፤ አበባ የታሰረበት ሪባን ቀለሙን የፋቀው ቀጭን መስመር ዛሬም ኮፋኖው ላይ ይታያል።

ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ እኛ ወደ ልደታ ኮንዶሚኒየም ገባን። መኪናው ግን ከሕንፃው ሥር ሜዳ ላይ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። እናታችን ሌሊት ዝናብ በመጣ ቁጥር ተነሥታ በመስኮት ሸራው መገለጥ አለመገለጡን ታያለች፤ ነፋስ ከገለጠው እኔን ትቀሰቅሰኛለች። አባታችን ካረፈ ወዲህ ሞተሩ አልተነሣም፣ ቦሎውም አልታደሰም።

አሁን አንድ ደላላ ገዢ አምጥቷል። ያቀረበው ገንዘብ አንድ ያገለገለ ቪትዝ የሚገዛ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሥራ ስለሌለው በዚያ ቪትዝ ሠርቶ ቤቱን ሊያግዝ ይፈልጋል፤ አሜሪካ ያለችው እኅታችን ደግሞ የአባቷ መኪና እንዳይሸጥ በስልክ ታለቅሳለች። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ እኔ ግን መወሰን አቅቶኛል።

የተክለ ሃይማኖት መካኒክ፦

ነፍስ ይማር፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚህ ሙያ የቆየሁ ሰው ነኝና የምመክርዎት በመጀመሪያ ምን እንዳለዎት ይወቁ ነው። «ሙስታንግ» የሚለው ስም ብቻውን ዋጋ አይነግርም። ፎርድ ይህን መኪና እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 17 ቀን 1964 በኒው ዮርክ የዓለም ትርዒት ላይ ለሕዝብ ሲያሳይ ዋናው ሐሳቡ ለወጣት ገዢ በሚበቃ ዋጋ እንደ ፍላጎቱ የሚመረጥ መኪና ማቅረብ ነበር፤ ስለዚህም በአንድ ዓይነት አካል ውስጥ ደካማ ሞተርም እጅግ ብርቱ ሞተርም ሊገኝ ይችላል። አሜሪካኖች ጡንቸኛ የሚሏቸው ብርቱዎቹን ነው።

ኮፋኖውን ይክፈቱና በሾፌሩ በኩል፣ ከጎማው በላይ ባለው የፓራፋንጎ ውስጠኛ ላሜራ ጠርዝ ላይ የተመታውን ቁጥር ይፈልጉ። የመጀመሪያው 7 ዓመቱን፣ ቀጥሎ ያለው ፊደል ፋብሪካውን ያመለክታል። ከዚያ የሚከተሉት ሁለት አኃዞች የአካሉ ዓይነት ናቸው፤ 01 ተራው ባለ ቋሚ ጣሪያ፣ 02 ጣሪያው እስከ ኋላ ተዳፍቶ የሚወርደው፣ 03 ጣሪያው የሚታጠፈው ነው። አምስተኛው ምልክት ሞተሩን ይነግርዎታል። «ቲ» ከሆነ ባለ ስድስት ሲሊንደርና 120 የፈረስ ጉልበት ነው። «ሲ» ባለ ስምንት ሲሊንደሩ 289 (ቁጥሩ የሞተሩ መጠን በኩቢክ ኢንች ነው) ሲሆን 200 የፈረስ ጉልበት አለው፤ «ኤ» ያው ሞተር ባለ አራት ጉሮሮ ካርቡሬተር ተገጥሞለት 225 ይደርሳል። «ኬ»ም ያው 289 ሆኖ 271 የፈረስ ጉልበት አለው። «ኤስ» ደግሞ ትልቁ 390 ሲሆን፣ የ1967ቱ አካል እንዲሰፋ ያደረገውም ይህን ሞተር መቀበል እንዲችል ነው። በ02 እና በ01፣ በ«ኤስ» እና በ«ቲ» መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት እጅግ ሰፊ ስለሆነ፣ ይህን ሳያነቡ የተነገረ ዋጋ ሁሉ ግምት ነው። ገዢው አንብቦ እርስዎ ካላነበቡ ደግሞ የሚጎዱት እርስዎ ነዎት።

ሁለተኛው ጉዳይ ዝገት ነው፤ እናትዎ ዝናብ ሲመጣ መነሣታቸው ትክክል ነው። የዚህ መኪና ዋና ሕመም ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው የአየር ማስገቢያ ወንፊት ውስጥ ይጀምራል። ቅጠልና አፈር እዚያ ይከማቻል፣ እርጥበቱ ላሜራውን ይበላዋል፣ ውኃውም ማንም ሳያየው ወደ ውስጥ ወርዶ ወለሉን ይጨርሰዋል። ምንጣፉን በሁለቱም በኩል ይግለጡ፤ አንድ ሰው እግር ማስቀመጫው ጋ አጎንብሶ በባትሪ እያየ እርስዎ ሁለት ሊትር ውኃ በጆግ በወንፊቱ ላይ ቀስ ብለው ያፍስሱ። ውስጥ ጠብታ ከታየ ቦታው በስቶኮ የሚደፈን ነገር አይደለም፤ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ መበየድ አለበት።

ሞተሩን በችኮላ እንዳታስነሡት አደራ። አሮጌው ቤንዚን ከታንኩ ይውጣ፣ ካንዴላዎቹ ይፈቱ፣ በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ይግባና አንድ ቀን አድሮ በእጅ ይዙር። ከተነሣም በኋላ ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ ቢኖረው አይደንግጡ፤ ካርቡሬተሩ በባሕር ጠለል ላይ ላለ አየር የተለካ ስለሆነ፣ ከ2300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ቤንዚኑ ስለሚበዛበት መስተካከል ይኖርበታል። አባትዎ አስተካክለውት ይሆናል፤ የእርሳቸው ዘመን ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር።

የእኔ አስተያየት አሁን ባለው ዋጋ ለዚህ ገዢ አትሽጡ ነው።

ጠበቃ ከአራት ኪሎ፦

በአጭሩ አንድ ነገር ላስታውስ። ሊብሬው በአባታችሁ ስም ከሆነ ገዢው ነገ ገንዘቡን ይዞ ቢመጣም ልትሸጡ አትችሉም። መጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ማውጣት ያስፈልጋል። መኪናው በጋብቻ ውስጥ የተገዛ ከሆነ ግማሹ የእናታችሁ ነው፤ ውርስ የሚባለው የቀረው ግማሽ ብቻ ሲሆን፣ ከመካፈላችሁ በፊት አንዱ ወራሽ ያለ ሌሎቹ ፈቃድ ሊሸጠው አይችልም። አሜሪካ ያሉት እኅታችሁ የሚስማሙ ከሆነ በሚገባ የተረጋገጠ ውክልና ይላኩ። ደላላው በቀብድ ቢያጣድፋችሁ አንድ ብር እንኳ አትቀበሉ፤ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን ያፈረሰ ሻጭ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ እንዲመልስ ሕጉ ያዛል።

የካዛንቺስ ልጅ፦

ከመካኒኩ ምክር አብዛኛውን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን የወንድማችሁ ጉዳይ ቸል እንዳይባል እሰጋለሁ። እኛም ቤት የአባቴ ፔጆ 404 ነበር። «የአባባ ነው» እያልን ለዘጠኝ ዓመታት አቆምነው። በየዓመቱ በሚቀጥለው ዓመት እናሠራዋለን እንባባል ነበር፤ ማንኛችንም ግን አንድ ቀን መሪውን አልያዝንም። በመጨረሻ ልናነሣው ስንሞክር ጎማዎቹ ከመሬቱ ጋር ተጣብቀው፣ የወንበሩን ስፖንጅ አይጥ ጨርሶት፣ በሩ ከማጠፊያው ተነቅሎ በእጄ ላይ ቀረ። ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ በኪሎ ሸጥነው። ገና እየሠራ ሳለ ሊነዳው ለሚፈልግ ሰው ሰጥተነው ቢሆን ኖሮ ዛሬ በአንዱ ጎዳና ላይ ይታይ ነበር። ስለዚህ፣ ወንድሜ፣ ከቤታችሁ ማን እንደሚነዳውና የት እንደሚያድር በቁርጥ መመለስ ካልቻላችሁ ቶሎ ሽጡት። እኅታችሁ ከልብ ታዝናለች፤ ሸራውን በሌሊት የምትጠብቀው ግን እናታችሁ ናት።

የተክለ ሃይማኖት መካኒክ፦

የካዛንቺሷ እኅቴ ያሉት ልቤን ነክቶታል፤ ጣሪያ ካልተገኘለት እኔም ይሸጥ ባይ ነኝ። የማሳስበው ከሸጣችሁ በኋላ መመለሻ እንደሌለ ነው። መንግሥት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ከዚያ በፊትም የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ የቆየ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አድርጎት ነበር። አንድ ቀን ወንድማችሁ ቢያልፍለት ቪትዝ ይገዛል፤ ሌላ ሙስታንግ ግን አያገኝም። መለዋወጫውን ሶማሌ ተራ አታገኙትም፤ ሆኖም አሜሪካ ውስጥ ከወለል ላሜራ እስከ መብራት ጎማው ድረስ ዛሬም አዲስ ይመረታል። እኅታችሁ ከልብ ከፈለገች ጉርኒሲዮንና የካርቡሬተር ዕቃ በሻንጣ ሰው ይዞላት መምጣት ይችላል።

የልደታ ነዋሪ፦

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። እሑድ ጠዋት ከወንድሜ ጋር ወርደን ሸራውን ገለጥን። ቁጥሩ በቅባትና በአቧራ ተሸፍኖ ስለነበር በናፍጣ በተነከረ ጨርቅ ጠረግነው፤ 7፣ ከዚያ «አር»፣ ከዚያ 01፣ ከዚያ «ሲ» የሚል ነው። ባለ ስምንት ሲሊንደሩ 289 መሆኑ ነው። ውኃውን እኔ ሳፈስ ወንድሜ አጎንብሶ ያይ ነበር፤ በሾፌሩ በኩል ምንም አልታየም፣ በቀኝ በኩል ግን ጠብታው እጁ ላይ አረፈ። ምንጣፉ ሥር ያለው ወለል በጣት ሲጫኑት በአንድ ቦታ ይረግባል። ወንድሜ ከዚያ በኋላ ስለ ቪትዙ አላነሣም፤ ይልቁንም ካንዴላዎቹን ፈትቶ ዘይት ጨመረ፣ ሲመሽም ሞተሩ በእጅ ዞረ።

ማታ ከእኅታችን ጋር በስልክ ተነጋግረን ለደላላው ለጊዜው እንደማንሸጥ ነገርነው። እኅታችን ለላሜራው ሥራና ጣሪያ ላለው ማቆሚያ ለአንድ ዓመት የሚበቃ ገንዘብ ትልካለች፤ እኔ የወራሽነቱን ማረጋገጫ አስጨርሳለሁ። ዓመቱ ሲሞላ ወንድሜ መኪናውን ለሠርግ እያከራየ ገቢ ካላገኘበት፣ ያን ጊዜ ሥራውን በሚያውቅ ሰው አስገምተን፣ እናታችን በፈቀደችው ዋጋ እንሸጣለን፤ እኅታችንም በዚህ ተስማምታለች። አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ለተክለ ሃይማኖቱ ባለሙያ ነው፦ ያን የቀኝ በኩል ላሜራ መስታወቱን ሳይሰብር ቆርጦ የሚበይድ፣ እርስዎ የሚያምኑት ባትላሜራ ካለ፣ ክረምቱ ሳይገባ መኪናውን ልወስድለት ስለምፈልግ ቢጠቁሙኝ።