ከከብቶቹ እግር ስር የማይጠፉት ቢጫ ወፎች

ሰላም ወፍ ወዳጆች። የምኖረው ጅማ፣ ቦዬ ረግረግ አጠገብ ነው። መስቀል ካለፈ በኋላ ትንንሽ ወፎች ይመጣሉ፤ ክረምት ሲገባ አንድም አይታይም። ሆዳቸው እንደ አደይ አበባ ቢጫ፣ ጀርባቸው አረንጓዴ ቢጤ ነው። ረጅም ጭራቸውን ወደ ላይ ወደ ታች እያወዛወዙ፣ ከሚግጡት ከብቶች እግር ስር ሮጥ ሮጥ እያሉ ነፍሳት ይለቅማሉ። ማየቱ አይሰለችም!

ግራ ያጋባኝ ጭንቅላታቸው ነው። በተለይ የካቲትና መጋቢት ላይ ቀለማቸው ሲደምቅ የአንዱ ግራጫ፣ የሌላው ጥቁር ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ ከዓይኑ በላይ ነጭ መስመር አለው። በስልክ ላነሳቸው ስጠጋ ብር ይላሉ። እረኞቹ ሁሉንም አንድ ናቸው ይላሉ። መጽሐፍ ሳገላብጥ ያገኘሁት ቢጫ ሆድ ደግሞ ጀርባው ግራጫ፣ ውሎውም ወራጅ ውኃ ዳር ነው፤ ስለዚህ እሱ አይደለም።

እነዚህ የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው ወይስ ከተለያየ አገር የመጣ አንድ ወፍ?