ክርክር፦ ባግዳድ በእውነት «አቀባይ ብቻ» ነበረች?

ሰዓዳ፦ ትናንት ማታ ሬዲዮ ላይ አንድ እንግዳ ስለ ሳይንስ ታሪክ ሲያወራ «ሙስሊሞቹ አቀባይ ብቻ ነበሩ፤ የግሪክን መጻሕፍት አቆይተው ለአውሮፓ ሰጡ፤ የጨመሩት ነገር የለም» አለ። አቅራቢው አንድ ጥያቄ እንኳ ሳያነሳ አሳለፈው። ደሜ ፈላ። የስንት ሰው የዕድሜ ልክ ልፋት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጣላል?

ዳዊት፦ ሰውየው አጋነነው እንጂ መሠረቱ ውሸት አይደለም። ቁጥሩ የህንድ፣ ሕክምናው የግሪኩ ሐኪም የጋሌን፣ ሥነ ፈለኩ የግሪኩ የከዋክብት ሊቅ የበጥሊሞስ ነው። ተርጓሚዎቹም አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ናቸው። ትልቁ ተርጓሚ ሁነይን ኢብን ኢስሃቅ ከኢራቋ ከተማ ከሂራ የመጣ ክርስቲያን ነበር። ሳቢት ኢብን ቁራ ደግሞ ከሐራን ከተማ የመጣ ሳቢያን፣ ማለትም ከዋክብትን የሚያመልክ ማኅበረሰብ ሰው ነው። ታዲያ ክብሩን ለማን ነው የምትሰጡት?

ሙሂዲን፦ ለሁሉም። ሥልጣኔ ማለት እኮ ይኸው ነው! የሙስሊሞቹ ገዥ ኸሊፋ አል-መንሱር ባግዳድን በ762 ቆረቆረ። ከዚያ በኋላ ለትርጉም ገንዘብ ያወጣው ማን ነው? ኸሊፋዎቹ፣ ሹማምንቱ፣ እንደ በኑ ሙሳ ያሉ ምሁር ወንድማማቾች። ክርስቲያኑም፣ ሳቢያኑም፣ ፋርሱም በዐረብኛ ጻፈ። በዚያ ላይ ወረቀት መጣ። መጽሐፍ ከብራና ረከሰና ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ገበያ ገባ።

ዳዊት፦ ገንዘብ ማውጣት ሌላ፣ ማሰብ ሌላ። አሁንም አቀባይ ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ ልጄ ዳዊት፣ ማቀበል ቀላል መሰለህ? ሁነይን የጋሌንን አንድ መጽሐፍ ፍለጋ ሜሶጶጣሚያን፣ ሶርያን፣ ፍልስጤምን አካሎ እስክንድርያ ድረስ ወርዷል። ያገኘው ደማስቆ ላይ ግማሹን ያህል ብቻ ነው። ለሚተረጉመው መጽሐፍ ብዙ ቅጂ ሰብስቦ፣ እያስተያየ፣ ስህተቱን አርሞ ነበር ወደ ሥራ የሚገባው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ኖሬያለሁ። እንደዚህ የሚሠራ ሰው ብርቅ ነው።

ዳዊት፦ ጋሽ ታደሰ፣ ልፋቱን አልካድኩም። አዲስ ሐሳብ አሳዩኝ ነው የምለው።

ሰዓዳ፦ እሺ፣ ባግዳድ የሠራው የሒሳብ ሊቅ አል-ኽዋሪዝሚ። «አንድ ካሬ ከ10 ሥሮቹ ጋር 39 ሆነ፤ ሥሩ ስንት ነው?» ይላል። የ10 ግማሽ 5። በራሱ ሲባዛ 25። 39 ሲጨመርበት 64። የዚህ ሥር 8። 5 ሲቀነስ 3። በዚህ አላበቃም። ካሬ ስሎ፣ ጎኖቹ ላይ ጨምሮ፣ ለምን እንደሚሠራ በዓይን አሳየ። መጽሐፉን የጻፈው ለውርስ ክፍፍል፣ ለንግድ፣ ለመሬት ልኬትና ለቦይ ቁፋሮ እንዲጠቅም ነው። ይህን ማን አቀበለው?

ዳዊት፦ ባቢሎናውያን! ያንን ዓይነት ስሌት ከእሱ ከ2,000 ዓመት በላይ ቀድመው በሸክላ ላይ ይሠሩት ነበር።

ሰዓዳ፦ መልሱን ያውቁ ነበር። እሱ ግን እኩልታዎቹን በስድስት ዓይነት ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ መፍቻ ሰጥቶ፣ ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ፣ አልጀብራ፣ አደረገው። ልዩነቱ እንዴት አይታይህም?

እታፈራሁ፦ ይቅርታ፣ ሁላችሁም ስለ መጽሐፍ ብቻ ነው የምታወሩት። በደቡብ ኢራቅ የባስራን ጨዋማ መሬት እየጠረገ ለእርሻ ያዘጋጀው ማን ነው? በባርነት የተጋዙ ጥቁሮች ናቸው። በ869 አመፁ። እስከ 883 ድረስ ተዋጉ። ስለ ሥልጣኔው ሲወራ እነሱ ለምን አይነሱም?

ሙሂዲን፦ እህቴ፣ ክርክሩን አታስቀይሪ። በ615 ሶሓባዎች፣ የነቢዩ ባልደረቦች፣ ተሰደው ወደ ነጃሺ የመጡት…

እታፈራሁ፦ ነጃሺን አከብራለሁ። ግን የጠየቅኩት ስለ ባስራ ነው። የዚያው የባስራ ሰው፣ ጸሐፊው አል-ጃሒዝ፣ ጥቁሮች በነጮች ላይ ስላላቸው ብልጫ ራሱን የቻለ ድርሰት ጽፏል። በዘመኑ የነበሩት ጉዳዩን አንስተው ከተከራከሩበት እኛ የምንሸሸው ለምንድን ነው?

ሙሂዲን፦ ማንም አልሸሸም። ባርነት በባይዛንታይንም ነበር።

እታፈራሁ፦ እዚያም ነበር ማለት እኮ መልስ አይደለም።

ጋሽ ታደሰ፦ እታፈራሁ ልክ ናት፤ ራሱን የቻለ ክርክር ይገባዋል። ዳዊት፣ አንተ ግን አንድ ነገር መልስልኝ። በጥሊሞስ ራሱ የባቢሎናውያንን የግርዶሽ መዝገብ ተጠቅሟል። እሱንስ ለምን አቀባይ አትለውም?

ዳዊት፦ በመዝገቡ የራሱን ሥርዓት ስለሠራበት ነዋ።

ሰዓዳ፦ አል-ኽዋሪዝሚም እኮ ያደረገው ይህንኑ ነው! የብርሃን ተመራማሪው ኢብን አል-ሐይሠምስ? ብርሃን ከዓይን ይወጣል የሚለውን የነበጥሊሞስን ሐሳብ ጣለው። ፀሐይን ትኩር ብሎ ያየ ሰው ዓይኑ ይታመማል፤ ስለዚህ ብርሃኑ ከውጭ ነው የሚገባው ብሎ ሞገተ። በጥሊሞስንም በስም ጠርቶ የሚተች መጽሐፍ ጻፈ።

ዳዊት፦ እሱን እቀበላለሁ። ግን እሱ ከሁነይን ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ያውም ካይሮ የሠራ ሰው ነው። የክርክሩ ርዕስ ባግዳድ ነው የሚለው።

ሙሂዲን፦ ሬዲዮ ላይ የተባለው «ሙስሊሞቹ» ነው እንጂ «ባግዳዶቹ» አይደለም። ሰዓዳ የጻፈችውን መልሰህ አንብበው።