የከሰል ቀለም እንዳይረግፍ ምን ልቀላቅልበት?

ጤና ይስጥልኝ። ሦስተኛ ክፍል የክወናና እይታ ጥበባት አስተምራለሁ። የውሃ ቀለም መግዣ ስለሌለን ከልጆቹ ጋር ራሳችን እንሠራለን። ጥቁሩ ከከሰል፣ ቢጫው ከእርድ፣ ቡናማው ከቀይ አፈር ነው። ወቅጠን በስስ ጨርቅ እንነፋዋለን። እርጥብ ሳለ ሲያምር! ሲደርቅ ግን ከሰሉና አፈሩ ከወረቀቱ ላይ ይረግፋል። የልጆቹ እጅጌ ይጠቁርና ወላጅ ያማርራል (እውነታቸውን ነው)። በዱቄት የተሠራ ሙጫ ስንጨምርበት ያዘልን፤ ግን አርብ የበጠበጥነው ሰኞ ይሸታል። አሁን ያሰብኩት የግራር ሙጫ ነው። የሞከራችሁት ካላችሁ፣ ለአንድ ሲኒ የከሰል ዱቄት ምን ያህል ይበቃል? በሙቅ ውሃ ቶሎ ይሟሟል ወይስ ተዘፍዝፎ ይደር? እርዱንም ግድግዳ ላይ ስንሰቅለው ፀሐይ ያደበዝዘዋል፤ ለእሱም መላ ካላችሁ አትንፈጉኝ።