194,313 ምን ዓይነት ቁጥር ነው?

የአዘዞው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ነኝ፤ ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። በልጅነቴ ባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የዘመን መቁጠሪያ ስሌት) ያስተማሩኝ የኔታ አሁን አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ፣ የጽድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለ «ዐቢይ ቀመር ስንት ቀን ነው?» አሉኝ። ዕለቱ፣ ጨረቃውና በዓላቱ ሁሉ ወደ ነበሩበት የሚመለሱበት 532 ዓመት መሆኑን እንጂ ቀኑን አስቤው አላውቅም። እዚያው በደብተሬ ጀርባ 532ን በ365 ከሩብ አባዛሁት። 194,313 መጣ፤ ትራፊ የለውም። «በል እንግዲህ ፍታው» ብለው በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። ለሚቀጥለው እሑድ መልስ ይዤላቸው መሄድ እፈልጋለሁ። ቁጥሩ ብቸኛ (ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል) ነው? ካልሆነስ ለነማን ይካፈላል?

ባለስሌት፦
ብቸኛ አይደለም ወንድሜ። አኃዞቹን ደምራቸው፤ 21 ይመጣል፣ ስለዚህ ለ3 ይካፈላል። ሲበተን 3 × 7 × 19 × 487 ነው። 487 ብቸኛ ስለሆነ ከዚያ ወዲያ አይሰበርም። አራቱም አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ስለመጡ አካፋዮቹ በጠቅላላው 16 ናቸው። ራሱን ትተህ ሌሎቹን ብትደምር 118,007 ታገኛለህ፤ ከራሱ ያንሳል። እንዲህ ያለው ቁጥር ጎደሎ ይባላል። ለሁለት ስለማይካፈልም በተለመደው አነጋገር ያው ጎደሎ ነው።

የድሮ ቆሎ ተማሪ፦
መምህር፣ 7ን በጥሞና ይዩዋት። ምስጢሩ እሷ ላይ ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ የታዘዝኩትን ብቻ ነበር የማሰላው፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው። ንዑስ ቀመር 19 ዓመት ነው፤ ጨረቃ ከፀሐይ ጋር የምትገጥምበት። በቀን ግን 6,939 ከሦስት ሩብ ይሆናል፤ ሙሉ አይሆንም። አራት ጊዜ ሲደጋገም 76 ዓመት፣ ማዕከላዊ ቀመር ነው። ቀኑም ሙሉ 27,759። ለ7 ያካፍሉት፤ 4 ይተርፋል። መስከረም 1 ቀን 2017 ረቡዕ ነበር፤ በ2093 እሑድ ይውላል። ጨረቃዋ ተመልሳለች፣ ዕለቱ ግን አልተመለሰም። ሰባት ጊዜ ሲደጋገም ትራፊው 28 ይሆንና ያልቃል። 27,759 × 7 ያው የእርስዎ 194,313 ነው።

የአዘዞው፦
እግዜር ይስጥልኝ! ለካ 19 እና 7 ዝም ብለው አልተገኙም። አሁን በፋሲካ ሞከርኩት። በ2017 ሚያዝያ 12 ነበር የዋለው። 532 ስቀንስ 1485 ዓ.ም. መጣ፤ መጥቅዑን (የዓመቱን በዓላት ማውጫ ቁጥር) አውጥቼ ስቆጥር ያኔም ሚያዝያ 12 ነው። እጄ ላይ ያለው ጠመኔ ሳይለቅ ሦስት ጊዜ ደግሜ አየሁት።

አንድ ነገር ደግሞ አስገረመኝ። አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከተማችን እስካሁን አንድ ዐቢይ ቀመር አልሞላትም፤ የሚሞላት በ2160 ገደማ ነው። እሑድ ለየኔታ መጀመሪያ የምነግራቸው ይህን ነው።