ደመወዜ በኢትዮጵያ ወር፣ መተግበሪያዬ በፈረንጅ ወር፦ ለቤት ወጪ የትኛው ይሻላል?

ጥያቄ፦ መምህርት፣ አዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በመንግሥት ትምህርት ቤት የማስተምር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ አነስተኛ የጥገና ሱቅ ስላለው የእሱ ገቢ በየቀኑ ይለያያል፤ የእኔ ደመወዝ ግን ወር በገባ በ25 ባንክ ይገባል። ገንዘባችን በአራት ቦታ የተበተነ ነው፦ ባንክ፣ ቴሌብር፣ በቦርሳ ያለ ጥሬ ገንዘብ እና 20 ሰዎች ሆነን በየሳምንቱ 1,000 ብር የምንጥልበት እቁብ።

ካለፈው ሰኔ ጀምሮ በስልኬ ላይ አንድ የወጪ መመዝገቢያ መተግበሪያ ጭኜ በየማታው ሳላቋርጥ ስመዘግብ ቆይቻለሁ፤ ነገር ግን ሪፖርቱን ባየሁ ቁጥር ግራ እጋባለሁ። በኦገስት ሁለት ደመወዝ እንደተቀበልኩ አድርጎ ብዙ ገንዘብ እንደተረፈኝ ያሳየኛል፤ በሴፕቴምበር ደግሞ ደመወዝ የሚባል ነገር ስለማያገኝ ሁሉንም በቀይ ይጽፍብኛል። የእቁቡን ገንዘብ እንደ ወጪ ስለምመዘግበው ደግሞ በየወሩ ከአራት ሺህ ብር በላይ ያባከንኩ ይመስላል፤ ዕጣው ሲወጣልኝስ ምን ብዬ ልጻፈው? ስልኬ አንድሮይድ ሲሆን በውጭ አገር ካርድ ለመክፈል አልችልም። ባለቤቴም ከራሱ ስልክ ቢመዘግብ እወዳለሁ። ለዚህ የሚሆን መተግበሪያ የምታውቁ ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የሒሳብ ሠራተኛ፣ አዳማ

እህቴ፣ መተግበሪያውን ከመቀየርዎ በፊት የኦገስትን ነገር እንየው፤ ጥፋቱ የእርስዎም የመተግበሪያውም አይደለምና። ሐምሌ 25 በፈረንጆቹ ኦገስት 1 ላይ ይውላል፤ ነሐሴ 25 ደግሞ ኦገስት 31 ነው። ስለዚህ ሁለቱም ደመወዞች በአንድ የፈረንጅ ወር ውስጥ ገቡ። ከዚያ በኋላ ጳጉሜን መሃል ገብታ የመስከረሙ ደመወዝ ኦክቶበር 5 ላይ ስለሚደርስ ሴፕቴምበር ባዶውን ቀረ። ይህ በየዓመቱ የሚደጋገም ነው።

መፍትሔው ወሩ የሚጀምርበትን ቀን መለወጥ የሚያስችል መተግበሪያ መያዝ ነው። እኔ የምጠቀመው ሪያልባይት የተባለው ድርጅት የሠራውን መኒ ማናጀርን ሲሆን፣ በማስተካከያው ውስጥ የወሩን መጀመሪያ ቀን እርስዎ ይወስናሉ። 28 ብለው ይሙሉት። የእርስዎ ደመወዝ በፈረንጆቹ ከ31 እስከ 5 ወይም 6 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚመላለስ፣ ወሩ በ28 ከጀመረ በእያንዳንዱ ወር ውስጥ አንድ ደመወዝ ብቻ ይገኛል። 25 ቁጥሩን አይተው በ25 እንዳይጀምሩ አልልም፤ እሱም ይሠራል፤ 1 ላይ የተተወ ግን እንዳዩት ያሳስታል።

እቁብን በሚመለከት ወጪ ብለው መመዝገብዎን ያቁሙ። እቁብ በመተግበሪያው ውስጥ ልክ እንደ ባንክና እንደ ቦርሳ ራሱን የቻለ ሒሳብ ሆኖ ይከፈት፤ በየሳምንቱ የሚጥሉት 1,000 ብርም ከባንክ ወደ እቁብ የተዛወረ ተብሎ ይጻፍ። ዕጣው በአምስተኛው ሳምንት ወጣልዎ እንበል። እስከዚያ የጣሉት 5,000 ነው፤ የተቀበሉት 20,000 ነው። ሃያውን ሺህ ከእቁብ ወደ ባንክ ሲያዛውሩት የእቁቡ ሒሳብ ከዜሮ በታች 15,000 ይሆናል። ይህ ቁጥር ስህተት አይደለም፤ በቀሩት 15 ሳምንታት የሚከፍሉት ዕዳ ነው፤ የመጨረሻው ሰው ሲወስድም ዜሮ ላይ ያርፋል። ዕጣ የወጣለት ሰው ሃያ ሺህ አገኘሁ ብሎ ገቢ ላይ የሚጽፈው ከሆነ ግን ዕዳውን ከራሱ ደብቋል ማለት ነው። እድር ከዚህ ይለያል፤ እሱ ተመልሶ ይመጣል ተብሎ የሚጠበቅ ስላልሆነ በወጪነት ይመዝገብ።

ከኤቲኤም የሚያወጡትንም ገንዘብ እንዲሁ ወደ ቦርሳ የተዛወረ እንጂ ወጪ አያድርጉት፤ አለበለዚያ ሲያወጡት አንድ ጊዜ፣ ሽንኩርት ሲገዙበት ሌላ ጊዜ ይቆጠራል።

መልስ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

እኔ ለባለቤትዎ ጉዳይ ልመልስ። ሁለት ሰው ከሁለት ስልክ ሆኖ አንድ በጀት እንዲያይ ከተፈለገ ጉድበጀት የሚባለው ይመቻል፤ ነጻው ዕትም ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል ባይ ነኝ። አሠራሩ እናቶቻችን የአስቤዛውን፣ የቤት ኪራዩንና የእድሩን ገንዘብ በየፖስታው ለይተው ያስቀምጡ እንደነበረው ነው፤ ደመወዝ በገባ ዕለት ፖስታዎቹን ይሞላሉ፤ ከዚያ ሲያወጡ ከየፖስታው ይቀነሳል። የሚያዩት በፖስታው የቀረውን ስለሆነ የወሩ መጀመሪያ መቼም ይሁን መቼ ብዙም አያስጨንቅም። ጉዳቱ ነጻው ዕትም የፖስታዎቹንም የሒሳቦቹንም ቁጥር የሚወስን በመሆኑ፣ ከላይ የአዳማው ወንድማችን ያስረዱትን የእቁብ አያያዝ በእሱ ለመሥራት አስቸጋሪ ነው።

እዚህ አገር ሰው የሚያወድሳቸውን መተግበሪያዎች ሰምተው እንዳይጓጉ። ዋይናብ የሚባለው በዓመት 109 ዶላር ያስከፍላል። ከባንክ ጋር ራሳቸው ተገናኝተው ወጪውን የሚመዘግቡትም ፕሌይድን በመሰሉ አገናኝ ድርጅቶች በኩል ስለሚሠሩና የኢትዮጵያ ባንኮች በዚያ ውስጥ ስለሌሉ፣ ለእርስዎ ያው በእጅ መጻፍ ነው። ደግሞም በብዙ ሰው ይሠራበት የነበረው ሚንት እንኳ በ2024 ማርች ላይ ተዘግቷል። እኔ ዓመታት ያጠራቀምኩትን መዝገብ ቀድሜ ወደ ሠንጠረዥ አውርጄው ነበር። ስለዚህ የትኛውንም ቢመርጡ መጀመሪያ መዝገቡን ወደ ኤክሴል አውጥቶ ለማስቀመጥ የሚፈቅድ መሆኑን ያረጋግጡ።

መልስ፦ የስልክ ባለሙያ፣ ሐዋሳ

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ አለኝ። የባንክና የቴሌብር አጭር መልእክቶችን ራሳቸው አንብበው እንመዘግባለን የሚሉ መተግበሪያዎች አሉ፤ ምቾታቸውን አልክድም። ነገር ግን መልእክት ለማንበብ የፈቀዱለት መተግበሪያ የወጪውን መልእክት ብቻ ሳይሆን የባንክ ማረጋገጫ ቁጥሮችንም ያነባል። ጉግል ከ2019 ጀምሮ በፕሌይ ስቶር ላይ ይህን ፈቃድ አጥብቆታል፤ በቴሌግራም ቻናል የሚዞር ፋይል ግን በዚያ በር አያልፍም። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ያለውን ጭኖ፣ እኔ ዘንድ ሲመጣ ገንዘቡ ሄዶ ነበር።

በእጅ መመዝገቡም ያን ያህል አያደክምም። ከ127 የሚመጣው የቴሌብር መልእክት የላኩትን ገንዘብ፣ የአገልግሎት ክፍያውን፣ በክፍያው ላይ የታሰበውን 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ እና ቀሪ ሒሳብዎን ይዞ ይመጣል። ማታ የመጨረሻውን መልእክት ከፍተው ቀሪውን በመተግበሪያው ካለው ቁጥር ጋር ያስተያዩት፤ ከተለያየ አብዛኛውን ጊዜ የረሱት ያቺን የአገልግሎት ክፍያ ነው።

መልስ፦ ነጋዴ፣ ባሕር ዳር

እኔ መተግበሪያ የሚባለውን ሁሉ ሞክሬ ወደ ጉግል ሺትስ ተመልሻለሁ። 13 ገጽ ከፍቻለሁ፤ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን። ማንም የፈረንጅ ወር አያስገድደኝም፤ ባለቤቴም ከስልኳ በዚያው ላይ ትጽፋለች፤ ክፍያም የለውም። አዎ፣ በትንሽ ስልክ ላይ ሠንጠረዥ መሙላት ዓይን ያደክማል፤ ሥዕላዊ ሪፖርትም ራሱ አይሠራልህም።

ለመምህርት የምመክረው ዝርዝሩን እንዳያበዙት ነው። ከጉሊት የተገዛውን ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች ለየብቻ የሚጽፍ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይሰለቻል። «አስቤዛ» ብለው በአንድ መስመር ይጻፉት። የታክሲውንም በሳምንት አንድ ጊዜ ጠቅለል አድርገው ያስገቡት። ማታ ቦርሳው ተቆጥሮ የጎደለውም «ያልታወቀ» ተብሎ ይመዝገብ እንጂ ሰባ ብር የት ገባ ተብሎ እንቅልፍ አይጥፋ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መኒ ማናጀርን ጭኜ ወሩን በ28 አስጀምሬዋለሁ፤ የድሮውን መዝገብ ሳስገባ ሁለቱ ደመወዞች ተለያይተው በየወራቸው ገቡ። የባለቤቴን ነገር እሱ በቴሌግራም እየጻፈልኝ ማታ ማታ እኔው እንዳስገባ ተስማምተናል። አንድ ነገር ግን ቀረኝ፤ ከነሐሴ 25 እስከ መስከረም 25 ያለው ጊዜ አሁንም በቀይ ነው።

መልስ፦ የሒሳብ ሠራተኛ፣ አዳማ

ያ ቀይ እውነተኛ ነው፤ ያ ደመወዝ 35 ቀን ነው የሚያኖርዎ፤ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ 36። በዚያ ላይ እንቁጣጣሽ፣ መስቀልና የልጆቹ ደብተር አሉ። የበዓሉንና የትምህርት ቤቱን ለብቻው ይያዙት። ለአምስቱ ቀናት ግን የቤትዎ ወጪ በቀን 400 ብር ቢሆን 2,000 ብር ያስፈልጋል፤ ይህም ለቀሩት 11 ደመወዞች ሲካፈል በየወሩ 182 ብር ገደማ ነው። በመተግበሪያው ውስጥ «ጳጉሜን» የሚባል አንድ ሒሳብ ይክፈቱና ከዚህ ወር ጀምሮ ወደዚያ ያዛውሩት።