ቤት የማግኘት መብት በሕግ ይደንገግ ወይስ መጀመሪያ ቤቱ ይሠራ?

የውይይቱ መነሻ፦ ልጆች ይዞ ቤት ያጣ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ዓይን ውስጥ አይገባም። ዘመድ ቤት ይጠጋል፣ መኪና ውስጥ ያድራል፣ ከአንዱ መጠለያ ወደ ሌላው ይዞራል። በ1948 የወጣው የሰብዓዊ መብቶች ዓለም አቀፍ መግለጫ በአንቀጽ 25 መኖሪያ ቤትን ከምግብና ከሕክምና ጋር ጠቅሶታል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።) ጥያቄዬ አጭር ነው። እንዲህ ያለ ቤተሰብ መንግሥትን ከስሶ ቤት መጠየቅ ይችል?

ግንበኛው፦ ሐሳቡን አልጠላውም። ግን ሕግ ጡብ አይደረድርም። ቤቱ ከሌለ ዳኛው ምን ብሎ ይፈርዳል? ደቡብ አፍሪካ መብቱን በሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 26 አስፍራለች። አይሪን ግሩትቡም የምትባል እናት በ2000 በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት መንግሥትን ረታች። በ2008 ስትሞት ግን ያው የቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ ነበረች። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

የሕግ ባለሙያዋ፦ ወንድሜ፣ ታሪኩን ግማሹን ነው የነገርከን። ሴትዮዋ ብቻዋን አልነበረችም። ወደ 900 ሰው አብሯት ነበር፤ ከግማሽ በላዩ ልጆች ናቸው። ጎጇቸው ፈርሶባቸው ሜዳ ላይ ቀሩ። ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዱ ቤት ይሰጠው አላለም። ያለው፣ የመንግሥት ዕቅድ ዛሬ መጠጊያ ላጣ ሰው ምንም ስላላሰበ ምክንያታዊ አይደለም ነው። በኋላ ለድንገተኛ ችግር የሚሆን የቤት ፕሮግራም መጣ። የጎደለው የጊዜ ገደብ ነበር። ፈረንሳይ በ2007 ባወጣችው ሕግ ይህን ለመሙላት ሞክራለች። ቤተሰቡ መጀመሪያ ለኮሚሽን ያመለክታል። ጉዳዩ አጣዳፊ ነው ተብሎም ቤት ካልተሰጠው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ፍርድ ቤቱ መንግሥትን በገንዘብ ሊቀጣ ይችላል።

አከራዩ፦ እኔ ያለኝ አንድ የሚከራይ ቤት ነው፤ ጡረታዬም እሱ ነው። ተከራዬ መክፈል ሲያቅተው "መብት አለው፣ አትንካው" ከተባልኩ ሸክሙ እኔ ላይ ወደቀ ማለት አይደል?

የሕግ ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ ስጋትዎ ልክ ነው። ግዴታው የመንግሥት እንጂ የእርስዎ እንዳልሆነ ሕጉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት።

መምህርቷ፦ ስለ ሕግ ብዙ አላውቅም። አንድ ልጅ ግን አውቃለሁ። በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ሰፈር ቀየረ። ጎበዝ አንባቢ ነበር። በኋላ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ መተኛት ጀመረ። እናቱን ጠርቼ አነጋገርኳት። ሥራ አላት። ኪራይ ጨምሮባት ነው የወጣችው። ቢሮ ለቢሮ ደጅ ጠናች። አንዱ "ወረፋ ያዢ" አላት፣ ሌላው "የኛ ሥራ አይደለም" አላት። እውነቱን ለመናገር ማናቸውም አላጠፉም። ግዴታ የተጣለበት ሰው አልነበረማ! እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት የመግባት መብት አለው፤ ማታ የት እንደሚያድር ግን ማንም አይጠየቅም።

ግንበኛው፦ እህቴ፣ ልቤን ነካሽው። ግን ፊንላንድን እዩ። በ1987 ከ18,000 በላይ ቤት አልባ ሰው ነበራት። በ2023 ከ4,000 በታች አውርዳው ነበር። በክስ አይደለም። ቤት ሠርታ፣ ገዝታ፣ የጋራ መጠለያዎቹን ወደ አፓርታማ ቀይራ ነው። ስኮትላንድ ደግሞ ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ሰፊ መብት አላት። ሆኖም ፓርላማዋ በግንቦት 2024 የቤት ቀውስ አለ ብሎ አወጀ። በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች በጊዜያዊ ማረፊያ ናቸው።

የሕግ ባለሙያዋ፦ እነዚያን ልጆች ማን ቆጠራቸው? መብቱ ስላለ ማመልከቻ አለ፤ ማመልከቻ ስላለ ቁጥር አለ። መብት በሌለበት ቦታ ዘመድ ቤት ሳሎን ውስጥ የተኛ ልጅ የማንም መዝገብ ላይ የለም። የፊንላንድ መንገድ ግሩም ነው፤ ግን መንግሥት ሲቀየር በጀቱ ቢታጠፍ ቤተሰቡ ምን ይዞ ይከራከራል? አንድ ነገር ላይ ግን ካንተ ጋር ነኝ። ቃሉ ወሳኝ ነው። ኒው ዮርክ በ1981 በፍርድ ቤት ስምምነት የተቀበለችው ግዴታ "መጠለያ" የሚል ነው፣ "ቤት" አይልም። ከተማዋ እስከ ዛሬ ከፍተኛ ገንዘብ ለመጠለያ ታወጣለች።

ግንበኛው፦ እሺ። በዓመት ስንት ቤት እንደሚሠራና በጀቱ ከየት እንደሚመጣ እዚያው ሕጉ ውስጥ ይግባ። ያኔ እኔም እደግፋለሁ።

መምህርቷ፦ የጊዜ ገደቡም ይጻፍ። በወራት እንጂ በዓመታት አይሁን። ያ ልጅ አሁን አራተኛ ክፍል ነው።